አጥበን ስለምናሰጣውና ተጠቅመን ስለምንጥለው ጨርቅ
ለገጠር እናቶችና ለቤተ ሰባቸው የተደረገ ንግግር



ዛሬ የመጣነው ስለ ጨርቅ ልንነግራችሁ ነው። ተለብሶ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ስለሚኬድበት ጨርቅ አይደለም፤ በየቤቱ እያለ ማንም ስለማያነሣው ጨርቅ ነው። ይኸውም ሕፃን የሚጠቀለልበትና ሴት ልጅ በወር አበባዋ ጊዜ የምትይዘው ነው። ነገሩ የሚያሳፍር መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ፣ ሳንጨርስ እንዳትነሡብን እንለምናችኋለን። ሐፍረቱ ራሱ ምን ያህል ሴት እንዳሳመመ ወደ በኋላ ትሰሙታላችሁና።

አባቶችም አትሂዱብን። የሳሙናውን ገንዘብ የምታወጡት፣ የማስጫውንም ገመድ የምትወጥሩት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ይመለከታችኋል።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በከተማ ብቻ ሳይሆን በገጠሩም ገበያ ሞዴስና ዳይፐር ሲሸጥ እናያለን። በየሄድንበትም እናቶች አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል፤ «የሚገዛው ይሻላል ወይስ የኛው ጨርቅ? ገንዘባችንን እናውጣ ወይስ አናውጣ?» ይላሉ። ጥያቄው የብልኅ ሴት ጥያቄ ነው። በአንድ ቃል ይሄ ይሻላል ብለን ብንመልስ ግን እናታልላችኋለን። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ምን እንዳለ፣ ማንስ ለምን እንዳበጀው ስታውቁ እናንተው ትመዝኑታላችሁ።

እስቲ ከጥጥ እንጀምር። ገና ከፍሬው የተዳመጠ፣ ያልታጠበ ጥጥ ወስዳችሁ ውሃ በሞላ ጣሳ ላይ ጣል አድርጉት። አይሰጥምም፤ ከላይ ይንሳፈፋል። ያንኑ ጥጥ በአመድ ውሃ ቀቅላችሁ፣ ደኅና አድርጋችሁ አለቅልቃችሁና አድርቃችሁ እንደ ገና ብትጥሉት ወዲያው ውሃውን ጠጥቶ ይሰጥማል። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ጥጥ በተፈጥሮው ሰም የመሰለ ስስ ቅባት ለብሶ የሚበቅል ነው፤ ቅባቱ ውሃውን ይመልሰዋል። የአመዱ ውሃ ቅባቱን ሲያነሣለት ጥጡ መጠጣት ይጀምራል።

አዲስ አቡጀዲ ሽንት የማይጠጣው፣ ያረጀና ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጠላ ግን ጥሩ አድርጎ የሚጠጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በአዲሱ ላይ ቅባቱም አለ፣ ፋብሪካው የቀባው ስታርችም አለ። አያቶቻችን ለአራስ ልጅ አሮጌ ነጠላ ቀድደው ሲያስቀምጡ ትክክል ነበሩ። ምክንያቱን ማንም አልነገራቸውም፤ እጃቸው ግን ያውቀው ነበር።

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የነበረው ሳምፕሰን ጋምጂ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ይህንኑ ነገር ለቁስል ተጠቀመበት። በ1880 ዓ.ም. ቅባቱ የወጣለትን ጥጥ በሁለት ስስ ሻሽ መካከል አድርጎ የቁስል መሸፈኛ አበጀ። (ይህም ከዚህ በኋላ የምንጠራውም ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከላይ ስስ ጨርቅ፣ ከውስጥ የሚጠጣ ነገር ማለት ነው። ዛሬ በሱቅ የምታዩት ሞዴስ ሁሉ የዚያ ዘመድ ነው።

ከዚያ በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ቁስለኛው በዛ፤ ጥጥ ደግሞ ለፈንጂም ሥራ ይፈለግ ነበርና አነሰ። ስለዚህ በአሜሪካ የወረቀት ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች ከእንጨት የሚጠጣ ነገር አበጁ። እንጨት ውሃ ይጠጣል ብንላችሁ ትሥቁ ይሆናል። ነገር ግን ጥጥና እንጨት በውስጣቸው አንድ ዓይነት ጭረት አላቸው፤ ስሙም ሴሉሎስ ይባላል። በእንጨት ውስጥ ጭረቱን እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘ ነገር አለ። እንጨቱ ተፈጭቶ፣ በመድኃኒት ተቀቅሎ ያ ሙጫ ሲወጣለት ነጭ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነገር ይቀራል። ይህ ነገር ከጥጥ ይረክሳል፤ ይበልጥም ይጠጣል። በጦር ሜዳ ሆስፒታል የነበሩት ነርሶች ለቁስለኛ የመጣላቸውን ይህን ነገር ለራሳቸው የወር አበባ ያዙት። ማንም አላስተማራቸውም። ውሃ ለማጠቢያ በሌለበት፣ ጊዜም በሌለበት ስፍራ ይዞ መጣል ታላቅ ዕረፍት ነበር።

ጦርነቱ በ1918 ዓ.ም. ሲያልቅ ፋብሪካው ብዙ ዕቃ ተረፈው። የነርሶቹን ነገር ሰምቶ በ1920 ዓ.ም. ኮቴክስ ብሎ ሰይሞ ለገበያ አወጣው። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሴቶቹ ሊገዙት ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ወንድ ባለ ሱቅ ፊት ቆመው ስሙን መጥራት ያፍራሉ። አሜሪካ ውስጥ ነው ይህ! በኋላ በየሱቁ ዕቃውን ከፊት ለፊት ደርድረው በአጠገቡ ሣጥን አኖሩ፤ ሴቲቱ ምንም ሳትናገር ሳንቲሟን ጥላ ዕቃዋን አንሥታ ትሄዳለች። እኛ አገር ብቻ ያለ ሐፍረት እንዳይመስላችሁ ብለን ነው ይህን የነገርናችሁ።

ሞዴስ የምንለውም ስም በዚያው በ1920ዎቹ የወጣ የአንድ ሌላ ፋብሪካ ዕቃ ስም ነበር፤ በአገራችን ግን ማናቸውም ዓይነት ሞዴስ ተብሎ ቀረ። ለብዙ ዓመታት በወገብ መቀነት ታስሮ ይያዝ ነበር። ከሥሩ ማጣበቂያ ያለው የተለመደው በ1970ዎቹ ነው።

የሕፃኑን ነገር ያሰበችው ደግሞ እናት ናት። ማሪዮን ዶኖቫን ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። ልጅዋ ሌሊት ሌሊት ጨርቁን፣ አንሶላውን፣ ልብሱን ሁሉ ያረጥብባታል። በዚያን ጊዜ ለሕፃን የሚደረግ የላስቲክ ሱሪ ነበረ፤ ነገር ግን አየር አያሳልፍም፣ የልጁንም ገላ ያቆስላል። በ1946 ዓ.ም. ከገላ መታጠቢያ ቤት የፕላስቲኩን መጋረጃ አንሥታ ቀደደችና በስፌት መኪናዋ ሰፋችው። ሕፃን የሚወጋውን መርፌ ቁልፍ ትታ በሚጫን ቁልፍ አደረገችው። ለባለ ፋብሪካዎች ብታሳያቸው አንፈልግም አሏት። ራስዋ ሠርታ በ1949 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በታላቅ ሱቅ መሸጥ ጀመረች፤ በ1951 ዓ.ም. የፈጠራ መብቷን ተቀበለች፤ ያንንም በ1 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው። ቀጥላ ተጠቅመው የሚጥሉት የወረቀት ዳይፐር ይሠራ ስትላቸው ግን ወንዶቹ እንደ ገና አልሰሟትም።

የሰማው ዐሥር ዓመት ቆይቶ ቪክተር ሚልስ የሚባል የኬሚካል መሐንዲስ ነው። የልጅ ልጁን ጨርቅ መለወጥ የሰለቸው አያት ነበረ ይባላል። የሚሠራበት ድርጅት ፓምፐርስ የተባለውን ዳይፐር አበጀ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ ለቆላ እናቶች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የሞከሩት በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ፣ በበጋው ሙቀት ነበር፤ የፕላስቲክ ሱሪም ነበረበት። ሕፃናቱ በሙቀቱ ሽፍታ ወጣባቸው፤ እናቶቹም አንፈልግም አሉ። ስለዚህ ሱሪውን አስቀርተው እንደ ገና ሠሩትና በ1961 ዓ.ም. ፒዮሪያ በምትባል ከተማ ሞከሩት። እናቶቹ ዕቃውን ወደዱት፤ ዋጋውን ግን ጠሉት። አንዱ 10 ሳንቲም ነበረ። ብዙ እናት የገዛችው ወደ 6 ሳንቲም ሲወርድ ነው። ባለጠጋ በሆነ አገር የምትኖርም እናት ሳንቲሟን ቈጥራ ነው የምትገዛው።

አሁን ደግሞ በዳይፐሩ ውስጥ ስላለው ዱቄት እንንገራችሁ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀው እሱ ነው። ዳይፐር ቀድዳችሁ ያያችሁ እንደ ሆነ በጥጡ መካከል እንደ ጨው ያለ ደቃቅ ነገር ታገኛላችሁ። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ይሟልጋል። ተልባና አብሽ ስትነክሩ የምታዩትን አስቡ። ተልባው ውሃውን ይዞ ልጋግ ይሆናል፤ ብትጨምቁትም ውሃው ተለይቶ አይወጣም። ጨርቅ ግን ሲጨመቅ የጠጣውን ይመልሳል። ሕፃኑ በተቀመጠበት ጊዜ የቀደመው ወረቀት ያፈስ የነበረው ስለዚህ ነው። ይህ ዱቄት ግን የያዘውን አይለቅም።

መጀመሪያ የተመራመሩበትም ለሕፃን አልነበረም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሊቃውንት ዝናብ ሲጠፋ አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ብለው ከበቆሎ ስታርች እንዲህ ያለ ነገር አበጁ። ቤተ ሙከራቸውም በዚያችው በፒዮሪያ ነበረ። ንጹሕ ውሃ ሲሆን የራሱን ክብደት ብዙ መቶ እጥፍ ይይዛል። ሽንት ግን ጨው አለበትና የሚይዘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በ1980ዎቹ ጃፓኖች ቀድመው፣ ሌሎችም ተከትለው ከዳይፐር ውስጥ አገቡት። ወፍራም የነበረው ዳይፐር የሳሳው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ማስጠንቀቂያ እንናገር። ዕቃው ብዙ ስለ ጠጣ ብዙ ጊዜ ይቆይ ማለት አይደለም። በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ የደረሰውን ስሙ። ወደ ውስጥ የሚገባ፣ በጣም የሚጠጣ ጥቅል ነበረ። ብዙ ስለሚይዝ ሴቶቹ ሳይለውጡት ረጅም ሰዓት ያቆዩት ነበር። በዚያ መካከል አንድ ዓይነት ረቂቅ ተውሳክ እየረባ መርዙን ወደ ደማቸው ለቀቀ። ወጣት ሴቶች በድንገት ትኩሳት ይዟቸው፣ ራሳቸውን ስተው የሞቱም ነበሩ። የበለጠ ይጠጣል የተባለው ዓይነት በዚያው ዓመት ከገበያ ተነሣ። ስለዚህ ሞዴስም ሆነ ጨርቅ ባይሞላ እንኳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል። የሕፃኑም ዳይፐር እንዲሁ ነው። ከላይ ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን ሽንትና ዓይነ ምድር ተቀላቅለው የልጁን ቆዳ ይበሉታል። ዓይነ ምድር ካለበትማ ሰዓት አይጠበቅም፤ ወዲያው ነው የሚለወጠው።

እንግዲህ ሐፍረት ያሳምማል ወዳልነው ነገር እንመለስ። በደቡብ ሕንድ፣ ኮይምባቶር በምትባል ከተማ አጠገብ አሩናቻላም ሙሩጋናንታም የሚባል ድኻ ሠራተኛ ነበረ። በ1998 ዓ.ም. አዲስ ያገባት ሚስቱ ከጀርባዋ አንድ ነገር ስትሸሽግ አያት። ቢጠይቃት ለወር አበባዋ የምትይዘው ያደፈ ጨርቅ ነው። ለምን ከሱቅ አትገዢም ሲላት፣ እኔና እኅቶችህ እሱን ከገዛን ለወተት የሚሆን ገንዘብ አይተርፈንም ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ሄዶ አንድ እሽግ ገዝቶ በእጁ መዘነው፤ ይህ ቀላል ነገር ይህን ያህል ለምን ያስከፍላል ብሎ ራሱ ሊሠራው ተነሣ። ከጥጥ ሠራ፤ አልሆነም። ጥጥ አለመሆኑን፣ ያ ቀደም ብለን የነገርናችሁ የእንጨት ጭረት መሆኑን ለማወቅ ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀበት። የምትሞክርለት ሴት ስላጣ የእግር ኳስ ከረጢት የፍየል ደም ሞልቶ በወገቡ ታጥቆ ራሱ ሞከረው። የመንደሩ ሰው አበደ አለው፤ ሚስቱ ትታው ሄደች፤ እናቱም ሄዱ። እሱ ግን ሴቶች ራሳቸው በመንደራቸው የሚያሠሩትን ትንሽ መኪና አበጅቶ ጨረሰ። ሚስቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰችለት። በ2016 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው። ያ ሁሉ የመጣው አንድ ባል ሚስቱን ምንድን ነው የያዝሽው ብሎ ስለ ጠየቀ ነው።

በአገራችንም ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ አሉ። በአሜሪካ የኬሚካል ምሕንድስና ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2005 ዓ.ም. ታጥቦ እንደ ገና የሚያዝ ሞዴስ ሠርተው የፈጠራ መብት አገኙበት፤ በመቀሌም ፋብሪካ አቋቋሙ። ከጨርቅ የተሰፋ ነው፤ በፓንት ላይ በቁልፍ ይያያዛል፤ በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። በ2019 ዓ.ም. ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዓመቱ ጀግና ብሎ መረጣቸው። ወይዘሮ ፍሬወይኒ ተጠቅመው የሚጥሉትን ትተው የሚታጠበውን የመረጡት ዕውቀት አንሷቸው አይደለም። አንድ ጊዜ የገዛችው ልጅ በሚቀጥለው ወር ገንዘብ ባታገኝ ከትምህርት ቤት እንዳትቀር ብለው ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። አንድ ሕፃን በቀን 6 ጊዜ ቢለወጥለት በወር 180 ዳይፐር ነው። አንዲት ሴት በቀን 4 ብትይዝ፣ አበባዋም 5 ቀን ቢቆይ በወር 20 ሞዴስ ነው። ሁለት ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆች ያሏት እናት ከራሷ ጋር 60 መግዛት አለባት። ይህን በገበያችሁ ዋጋ አባዙት። በየወሩ የምትችሉት ከሆነ መልካም ነው፤ ግዙ። ለሁለት ወር ገዝታችሁ በሦስተኛው ወር የምታቋርጡ ከሆነ ግን ጨርቁን አስቀድማችሁ አሰናዱ። ገንዘብ አነሰን ብሎ አንዱን ሞዴስ ቀኑን ሙሉ ይዞ መዋል ንጹሕ ጨርቅ ከመያዝ እጅግ የከፋ ነው። ዳይፐር አጥቦ መልሶ ለልጅ ማሰርም አይሆንም፤ ዱቄቱ አብጦ ይፈነዳል፣ ልጁም ወደ አፉ ይከተዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት የምትሄድ እናት አለች። ለእሷ ጨርቅ እጠቢ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። የታጠበ መስሎ ያልታጠበ ጨርቅ ከምትይዝ፣ ቢያንስ ውሃ በጠፋበት ወር የሚጣለውን ብትገዛ እኛ አንነቅፋትም።

ጨርቁን እንዴት እናሰናዳ ለምትሉ፤ አሮጌ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ውሰዱ። ናይለን አይጠጣም። ስፋቱ አራት ጣት፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ሆኖ ስድስት ወይም ስምንት ድርብ አድርጋችሁ ስፉት። ከጎኑ እንደ ክንፍ ያለ ቅጣይ አውጥታችሁ ቁልፍ ብትተክሉለት ከፓንት ላይ አይንሸራተትም። አንዲት ሴት ቢያንስ ስድስት ይኑራት፤ ሦስቱ ሲያዝ ሦስቱ ይደርቃል። ለሕፃን ግን ከ12 ያነሰ አይበቃም፤ በክረምትማ ጨርቅ ቶሎ ስለማይደርቅ ይጨመር።

ሲታጠብ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከር። ደም ሙቅ ውሃ ሲነካው እንደ እንቁላል ይረጋና ከጨርቁ ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ደሙ ከወጣ በኋላ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታሻል። በእንዶድ የምታጥቡም እንዶዱ ጨርሶ እስኪወጣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ የቀረ እንደ ሆነ ገላ ያቃጥላል። እንዶድን ካነሣን አይቀር፣ በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። ከእናቶች ማጠቢያ ድንጋይ ሥር የተገኘ ዕውቀት ነው።

ከመታጠቡም ይልቅ የማድረቁ ነገር ያሳስበናል። አብዛኛዪቱ ሴት ጨርቋን ደኅና አድርጋ ታጥባለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳያይባት ከመደብ ሥር ወይም ከከረጢት ውስጥ ትሸሽገዋለች። ጨርቁ በጨለማ ሳይደርቅ ይከርማል። እርጥብና ሙቅ በሆነ ስፍራ ተውሳክ እንደ እርሾ ይረባል። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ትይዘዋለች። ማሳከኩ፣ መጥፎው ፈሳሽ፣ ከእምብርት በታች የሚወጋው ሕመም ከዚህ ሊነሣ ይችላል፤ እሷ ግን ብርድ መታኝ ትላለች። እባካችሁ ጨርቁን ፀሐይ ላይ አስጡት። ሰው አየብኝ ብላችሁ ካፈራችሁ ስስ ነጠላ ከላዩ ጣል አድርጉበት፤ ፀሐዩና ነፋሱ አልፎ ያደርቀዋል። ፀሐይ በሌለበት በክረምት በከሰል ካውያ ተኩሱት። ከደረቀም በኋላ በንጹሕ ከረጢት አኑሩት።

አባቶች ሆይ፣ ከጓሮ በኩል ሰው የማያልፍበት ስፍራ ሁለት ግንድ ተክላችሁ አንድ ገመድ ብትወጥሩ ግማሽ ቀን አይፈጅባችሁም። ለምን እንደ ሆነ ማንም አይጠይቃችሁ፤ እናንተም አትጠይቁ።

አሁን ስለ መጣሉ እንናገር። ተጠቅመው የሚጥሉት የተባለ ዕቃ ጠፊ ዕቃ መስሎ የሚታየው ሰው አለ። አይጠፋም። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ፕላስቲኩና ዱቄቱ ግን እኛ ካለፍንም በኋላ በምድር ውስጥ ይቆያል። በሜዳ ሲጣል ውሻ ይጎትተዋል፤ ላም ፕላስቲኩን ትበላና ሆዷ ተደፍኖ ትሞታለች። በወንዝ ሲጣል ታች ያለው መንደር ይጠጣዋል። ከመጸዳጃው ጉድጓድም አትክተቱት፤ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ከቤትና ከውሃ ምንጭ ርቃችሁ፣ ውሻ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቈፍራችሁ፣ ሞዴሱን ጠቅልላችሁ ጣሉና በላዩ አፈር መልሱበት።

የሕፃኑን ዓይነ ምድር ግን ከዳይፐሩም ሆነ ከጨርቁ አራግፋችሁ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ይህን ስንል «የልጅ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚሉ አሉ። የሕፃን ዓይነ ምድር እንደ ትልቅ ሰው ሁሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ይልቅ፣ የተቅማጥ ተውሳክ አለበት። ሌላም ነገር አለ። ትራኮማ የሚባለውን የዓይን ማዝ ከልጅ ወደ ልጅ የሚያመላልሰው ዝንብ እንቁላሉን ለመጣል ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው በሜዳ የወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ከቤታችሁ ኋላ የተደፋው የሕፃን ጨርቅ ዝንብ ሆኖ ተመልሶ በዚያው ሕፃን ዓይን ላይ ያርፋል። ከለወጣችሁም በኋላ እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ባይኖር በአመድ ታጠቡ፤ የልጁንም እጅና ፊት እንዲሁ። በቆላ የምትኖሩ ደግሞ ልጁን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ያለ ዳይፐር ያለ ጨርቅ ተዉት፤ ገላው አየር ያግኝ። ሽፍታ የወጣበት ልጅ ከቅባትና ከዱቄት ይልቅ አየር ይሻለዋል። ሽፍታው ካልጠፋ፣ ካቆሰለም ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

ባለፈው ጊዜ በአንድ መንደር አንዲት እናት «በወር አንድ እሽግ ብቻ ብገዛ ለማን ልስጠው?» ብለው ጠየቁን። ለተማሪዪቱ ልጅዎ ይስጧት አልን። በትምህርት ቤቱ ውሃ የለም፤ የሚዘጋም በር ያለው መጸዳጃ ላይኖር ይችላል፤ ያደፈ ጨርቅ በቦርሳዋ ይዛ መዋል ታፍራለች፤ ስለዚህ በየወሩ አራት አምስት ቀን ትቀራለች። የቀረችበትን ትምህርት ሳትደርስበት ሌላው ወር ይመጣል። ቀን በትምህርት ቤት የገዛችሁላትን ትያዝ፤ ማታ በቤቷ፣ ውሃና ገመድ ባለበት፣ ጨርቁን ትያዝ። እሽጉም ከቤት ራቅ ብላችሁ ገበያ በምትውሉበት ቀን፣ ረጅም መንገድም በምትሄዱበት ቀን ለእናንተም ይሁን። እንዲህ ከተከፋፈለ አንዱ እሽግ ወሩን ያደርሳል።